አንድ ገበታ፣ ሁለት የደም ምርመራ

አፉላ፣ ጊቫት ሃሞሬ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ዘቢደር፣ ጎንደር

ሰላምታዬ እንደ ባሕር አሸዋ ይብዛልሽ ብለሽ ጀምሪ ብለሽኝ ነበር። አፉላ ባሕር የለም። ከመስኮታችን ሥር የሚታየው የታረሰ ማሳ ነው፤ እንግዲህ እንደ ማሳው ጓል ይብዛልሽ። ቀኑን በእናንተ አቆጣጠር የጻፍኩት «በፈረንጅ ቀን የተጻፈ አላነብም» ስላልሽ ነው። ስሌቱን የሠራው ስልኬ ስለሆነ፣ ከተሳሳተ በቀይ እስክሪብቶ የምታርሚው እሱን ነው።

በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ ያልመለስኩት ንቄሽ አይደለም። እናትሽ እማማ ምንይሹ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ትሪው አጠገብ ያስቀምጡታል። አንቺ ጎንደር ላይ ስታስነጥሺ እዚህ አምስት ሰው «ይማርሽ» ይላል። አባትሽ አባባም ይሰማሉ። የእሳቸው ጆሮ የሚደነቁረው ሐኪም ፊት ብቻ ነው።

ለጥያቄሽ መልሱ፦ አዎ፣ አባባ ይበላሉ። ደህና አድርገው ይበላሉ። የበሉትን የምመዘግበውም እኔ ነኝ።

እማ «ለዘቢደር እንዳትነግሪ፣ ትጨነቃለች» ያለችኝን አሁን ልነግርሽ ነው፤ ከእህትሽ ጋር ከፈለግሽ ተጣዪ። የአባባ እግር ጣት ላይ ያለው ቁስል አልገጥም አለ። ስኳር እንዳለባቸው ታውቂያለሽ። ሐኪሙ እስከ ጥር መጨረሻ ካልዳነ ጣቱን እንቆርጣለን ብሏል። ደማቸው ሲታይ ፕሮቲን ጎድሏል፤ ቁስል የሚሰፋው ክር ማለት ነው። ክር ከሌለ መርፌ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ኩፓ ሆሊም፣ የጤና መድናችን፣ ወደ ዲየታኒቷ ላከን። ዲየታኒት ማለት ሰው ምን እንደሚበላ የምትቆጣጠር ሴት ናት። የኛዋ ቬሬድ ትባላለች። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን እያልኩ ስዘረዝርላት በደስታ ወንበሯ ላይ ልትዘል ደረሰች። «ይሄ ወርቅ ነው፣ አትተዉት» አለች። «ግን ለእንዲህ ያለ ቁስል ብቻውን አይበቃም። በቀን ሁለት እንቁላል፣ መዳፍ የምታህል ዶሮ ወይ ዓሣ ይጨመርበት። ብዙ አይደለም፤ ጥሩ ጥሩው፣ በልኩ።» ከዚያ ወደ እማማ ዞረች፤ የእማማ ኮሌስትሮል ኮረብታችንን አልፎ ሄዷል። ለእሳቸው ትእዛዙ የተገላቢጦሽ ነው፦ ዶሮው ይቀነስ፣ ምስሩና ጎመኑ ይብዛ።

በአንድ ትሪ የሚበሉ ሁለት ሰዎች፤ አንደኛው ሥጋ ጨምር የተባለ፣ አንደኛዋ ሥጋ ቀንሺ የተባለች። አየሽ ጣጣውን?

እኔ ግን ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝ። በየቀኑ ትሪው ሲቀርብ ያለውን እጽፋለሁ። ሁለት እንቁላል፣ አንድ የዶሮ ጭን። ትሪው ባዶ ይመለሳል። «አባባ በላ» ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ጻፍኩ። ደም ሰጡ። የአባባ ፕሮቲን ይባስ ወረደ፣ የእማማ ኮሌስትሮል ይባስ ወጣ።

ቬሬድ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ አዞረችው። እኔ ላቦራቶሪው ስማቸውን አቀያይሮ ነው አልኩ። አባባ ከሁላችን የተረጋጉ ነበሩ። «አምሳ ዓመት አብረን ኖረን ደማችን ቢደባለቅ ምን ይገርማል?» አሉ።

ምንም አልገባኝም። አባባ እዚያ ጎንደር እያሉ ሥጋ ይወዱ ነበር? እኔ የማስታውሰው ትንሽ ነው። ደግሞ እኔ ትሪው ላይ አልቀመጥም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቲቭኦኒት ነኝ፤ ከእንስሳ የመጣ ነገር በአፌ አይዞርም። የራሴን ሳህን ይዤ ጥግ ላይ ስልኬን እያየሁ እበላለሁ። እማማ በየሳምንቱ «ጾምሽ መቼ ነው የሚፈታው?» ይሉኛል። «አይፈታም» ስላቸው «ኧረ ባይሆን ለበዓሉ» ይላሉ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የእማ የሥራ ጓደኛ በለጠ ነው። መልስሽን በእሱው ላኪ፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

የእህትሽ ልጅ
ሊላክ


ጎንደር
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለሊላክ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ ሳቅሁበት፣ አንድ ጊዜ ቁጭ አልኩበት። ስለ ጣቱ አለመስማቴ አስከፍቶኛል። እናትሽን አልጣላትም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ስለነገርሽኝ ግን ዕድሜ ይስጥሽ።

አባዬን «በላ» ብለሽ መመዝገብሽን አየሁ። በዕብራይስጥ እንዲህ ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በአማርኛ ስትነግሪኝ «በሉ» በዪ። አያትሽ ናቸው እንጂ የክፍል ጓደኛሽ አይደሉም።

ሥጋ ይወዱ ነበር ወይ ላልሽው፣ አዎ። ዶሮ ሲሠራ ፈረሰኛው የእሳቸው ነው፤ ማንም እጁን አይሰድበትም። የተቀቀለውን እንቁላል በክር ለሁለት ይከፍሉትና ግማሹን ለራሳቸው፣ ግማሹን አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ያጎርሱ ነበር። አጠገባቸው ለመቀመጥ ከእናትሽ ጋር የተጣላነው ጠብ ቢጻፍ ከዚህ ደብዳቤ ይረዝማል።

አሁን እንደ አስተማሪ ልንገርሽ። ትሪ ላይ ቀረበ ማለት ተበላ ማለት አይደለም። ተበላ ማለትም እሳቸው በሉት ማለት አይደለም። አንቺ የመዘገብሽው የትሪውን ሆድ ነው። ስልክሽን አስቀምጪና አንድ ቀን ገበታው ላይ ቅረቢ። ወጡን ተዪው፤ የአባዬን እጅ ተከተይ።

ወደ እናንተ ለመምጣት ስላስገባሁት ፋይል በስልክ የጠየቅሽኝ፣ ገና ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ከእንስሳ መራቅሽን አልነቅፍም፤ ሐሳብ ያለው ልጅ ደስ ይለኛል። በላክሽው ፎቶ ላይ ግን ቀለምሽ አላማረኝም። አንቺስ ተመርምረሻል?

አክስትሽ
ዘቢደር


አፉላ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘቢደር፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ቤታችን ችሎት ተቀምጦበት ነበር። እነግርሻለሁ። ስለ ቀለሜ የጠየቅሽኝ፣ የፎቶው ብርሃን ነው።

እንዳልሽው ስልኬን ኪሴ ከትቼ ትሪው ዘንድ ቀረብኩ። እማማ ጾሜ የተፈታ መስሏቸው እልል ሊሉ ነበር። የአባባን እጅ ተከተልኩ፤ ቆጠርኩም። ሽሮ ወደ አፋቸው። ጎመን ወደ አፋቸው። ምስር ወደ አፋቸው። እንቁላሉ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው መንገድ ይቀይራል። ጠቅልለው፣ አሳምረው፣ ወደ እማማ አፍ። ዶሮውን ከአጥንቱ ፈልቅቀው ወደ እማማ አፍ። እማማ «ኧረ በቃኝ!» ይላሉ፤ አፋቸው ግን ተከፍቶ ይጠብቃል። ቃላቸውና አፋቸው አይተዋወቁም።

«አባባ! ይሄ ለእርስዎ የታዘዘ ነው እኮ!» አልኩ።

«ሚስቴን እንዳላጎርስ ኩፓ ከለከለኝ?»

«አዎ፣ ከለከለ!»

«እንግዲያው ኩፓ ትዳር አያውቅም።»

እማማን «እርስዎስ ለምን ይጎርሳሉ?» አልኳቸው።

«የባል ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? አምሳ ዓመት ያልመለስኩትን ዛሬ ለኮሌስትሮል ብዬ ልመልስ?»

ለቬሬድ ስነግራት አልገባትም። «በእጃቸው? አፏ ውስጥ? በየቀኑ?» አለች። መጀመሪያ «እንዴት ያምራል» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ «ሁለት ሳህን» ብላ ጻፈች።

መሀል ከተማ ወርጄ ሁለት ሳህን ገዛሁ፤ ለአባባ ቀይ፣ ለእማማ አረንጓዴ። ለሦስት ቀን በየሳህናቸው በሉ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ዕቃ ልትመልስ ገባች፤ ሁለቱን ሳህን አየች፤ ምንም ሳትናገር ወጣች። ምንም አለመናገሯ ደስ አላለኝም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በር ተንኳኳ። አራት ሽማግሌዎች፣ አራት ባርኔጣ፣ አራት ከዘራ። በአውቶቡስ ነው የመጡት፤ አለቃቸው አቶ ሰንበቱ ናቸው። ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ጉሮሮ ጠረጉ።

«በሰማነው ነገር አዝነናል» አሉ አቶ ሰንበቱ። «አብተውና ምንይሹ በስተርጅና ማዕድ ለዩ አሉ።»

«ኮሌስትሮል ስላለባቸው ነው» አልኩ እኔ ከጓዳ።

«ኮሌስትሮልማ እኛም ዘንድ አለ። እኛ ግን ማዕድ አልለየንም።»

እንግዲህ አባባ «አልተጣላንም» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። አንገታቸውን ደፉ። እማማም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። ለዕርቅ ዶሮ እንደሚሠራ ሁለቱም ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ አባባን በረንዳ ላይ ለብቻ፣ እማማን ሳሎን ለብቻ ሰሙ። አንድ ሰዓት ተኩል። በመጨረሻ ፍርዱ ተነበበ፦ ሳህኖቹ ይነሡ፣ ትሪው ይመለስ፣ ባልና ሚስቱም በሽማግሌ ፊት ይጎራረሱ። ተጎራረሱ። ተጨበጨበ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የሁለት ሳምንቱን ዶሮና ደርዘን እንቁላሉን ጨርሰው፣ መርቀው ሄዱ።

መዝገቤ ላይ «ሽማግሌ በላው» ብዬ ጻፍኩ። ቬሬድ የመድኃኒት ስም መስሏት ስትፈልግ ቆየች።

አሁን ግን ሳቁን ልተወው። ሁለት ነገር አይቻለሁ። አንደኛ፣ በሁለት ሳህን ዘመን ቀዩ ሳህን ላይ ዶሮውና እንቁላሉ እንደቀረበ ነው የተመለሰው። እማማን ማጉረስ ስላልቻሉ ዝም ብለው ተዉት። ነገሩ ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይበሉት ነበር። ሁለተኛ፣ በዕርቁ ላይ እማማ ለአባባ ሲጠቀልሉ ዶሮውን በጣታቸው ገለል አድርገው ምስር ብቻ ነው የጠቀለሉት። አየኋቸው። እማማ የሚያውቁት ነገር አለ። ጓዳ አስገብቼ ስጠይቃቸው ከንፈራቸውን ነክሰው «እኔ አልናገርም። ዘቢደርን ጠይቂ» አሉ።

ሐኪሙ በቁስሉ ዙሪያ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ። ከዚህ መስመር ካለፈ ጥርን አንጠብቅም አለ።

እትዬ፣ ምንድን ነው የምታውቂው?

ሊላክ


ጎንደር
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሊላክ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።

ወደ እስራኤል የሄዳችሁ ቀን ጠዋት አንቺ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። መስኮት በኩል ቦታ ለመያዝ ከሁሉ ቀድመሽ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተሻል፤ ስለዚህ አላየሽም። ለመሸኛ የታረደውን በግ በልተን ነበር። አባዬ አጥንት እየጋጡ ነበር። አስቀመጡት። እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ጭንቅላቴን ይዘው እንዲህ አሉ፦ «ካንቺ ጋር በአንድ ገበታ እስክቆርስ ነፍስ ካለው ነገር የወጣ በአፌ አይገባም። ብቀምስ አንቺን አያሳየኝ።» እናቴ ሰምታለች። እኔ ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው አልሰማም።

የመንገድ ወግ ነው ብዬ ነበር። ሰው ሲለያይ ብዙ ይላል፤ እዚያ ሲደርሱ ይረሱታል አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ በስልክ «ምን በላችሁ?» እያልኩ የማደርቅሽ ለዚህ ነው። አንቺ ደግሞ በዚያ ፈጣን ምላስሽ «ዶሮ» ስትዪ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ዶሮው የእናቴ ሆድ ውስጥ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ በስልክ እንዲበሉ ለምኛቸው ነበር። «ስትመጪ» ይላሉ። ሌላ መልስ የላቸውም። እሳቸው በቀላሉ አይምሉም፤ ከማሉ ደግሞ ጣት አይደለም እግርም ይሰጣሉ።

የቤተ እስራኤሉ ቄስ ዘንድ ይዘሻቸው ሂጂ። መሐላ የሚፈታበት መንገድ ካለ ያውቃሉ።

ይቅር በይኝ። ሳልፈልግ የጣታቸው ምክንያት ሆንኩ።

ዘቢደር


አፉላ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘቢደር፣

መጀመሪያ ይቅርታሽን መልሼ ልኬልሻለሁ፤ ቦታ የለኝም። ምክንያቱ አንቺ አይደለሽም፣ ስኳር ነው።

ቄሱ ዘንድ ሄድን። አባባና ቄሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አንድ በሬ አወሩ፤ በሬው የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ከዚያ እኔ «እግራቸው!» ብዬ ጮህኩ። ቄሱ አስበው አስበው እንዲህ አሉ፦ «መሐላው በገበታ ታስሯል፤ በገበታ ይፈታ። ልጅቷ አብራ ትቁረስ። እኔ ከዚያ ውጭ ልፈታው አልችልም።»

ወዲያው መላ መጣልኝ ብዬ ነው ያን ሐሙስ በቪዲዮ የደወልኩልሽ። አንቺ እዚያ ሳህንሽን፣ እኛ እዚህ ትሪያችንን። አባባ እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ ስልኩ ሲዘረጉ አይተሻል። መስመሩ ተቋረጠ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ጉርሻው ስክሪኑን ነክቶ ፊትሽ ላይ ወጥ ቀረ። አባባ በእጅጌያቸው ቀስ ብለው ጠረጉት። «ምስል አይጎርስም» አሉና ጉርሻውን ለእማማ ሰጡ። ያኔ ነው የዘጋሁት።

እኔስ ተመርምሬ እንደሆን ስለጠየቅሽኝ፦ እሺ። የፎቶው ብርሃን አይደለም። ቬሬድ ለአባባ ቀጠሮ ስንሄድ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አይታ እኔን ራሴን ለደም ምርመራ ላከችኝ። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከወለል በታች ነው፤ ብረትም አንሷል። ከስፖርት ክፍል ሁለት ጊዜ ራሴን አዙሮኝ ወጥቻለሁ። «ቲቭኦኒት መሆን ይቻላል፣ ግን በዕውቀት ነው። ወይ ኪኒኑን ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ፣ ወይ እንቁላልና ዓሣ ትመልሻለሽ። አንቺ የምትበዪው ቺፕስ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእማ እንዳትነግሪ። ቬሬድ አሁን ቤተሰባችንን በአንድ ፋይል ልታስረን ነው።

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እኔ ሥጋ የማልበላው ለዶሮዎቹ ብዬ ነው። አባባ የማይበሉት ላንቺ ብለው ነው። እማማ የሚበሉት ለአባባ ብለው ነው። በዚህ ቤት ለራሱ ጤና ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው የለም።

ቁስሉ መስመሩን ሊነካ ነው። የቀረው የጥፍር ወርድ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አስተማሪ መሆንሽን ለአንድ ቀን እርሺው። ዋሺ። «ፋይሌ አለቀ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ብሉልኝ» ብለሽ ጻፊ። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንቺ ከዋሸሽ ደግሞ በእውነት ትመጫለሽ ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

ሊላክ


ጎንደር
ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሊላክ፣ ለብቻሽ የምታነቢው

አልዋሽም። ፋሲካ ይመጣል፣ ፋሲካ ያልፋል። ያኔ አባዬ የበሉትን ሁሉ እንደ ኃጢአት ይቆጥሩታል። «ስለበላሁ ነው ልጄን ያላየኋት» ይላሉ። ያንን አልጭንባቸውም።

እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ። ፋይሌ ገና አይደለም። መልሱ ነሐሴ ላይ መጥቷል። ሁለት መስመር ነው። እናንተ ስትሄዱ ባል አግብቼ ስለነበር በወላጆቼ ስም አልገባም፤ በራሴ ስም ደግሞ አልበቃም። ይግባኝ የሚባል ነገር አለ አሉኝ፤ እሱም ተሞክሯል። እናትሽ አታውቅም። አንቺ እስከዛሬ የጠየቅሽኝን ሁሉ «ገና ነው» እያልኩ የመለስኩት አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። አባዬ እንዳይሰሙ። ይህን ቃል ስጪኝ።

አሁን ያሰብኩትን ስሚ። ቄሱ አብራ ትቁረስ ብለዋል። አባዬ ምስል አይጎርስም ብለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አፍ ያስፈልጋል። በአገራችን ሰው መድረስ ካልቻለ ቤት ይሸጥበታል፣ ፍርድ ቤት ይቆምበታል፣ ልጅ ይዳርበታል፤ በውክልና። ስለዚህ አብሮ ያለውን ሌላውን ወረቀት ጽፌያለሁ። ሦስት ምስክር ፈርሞበታል። እሱን ጮክ ብለሽ ታነቢዋለሽ። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ዘቢደር አብተው በአካል መገኘት ስላልቻልኩ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ ቀርባ፣ ከእጃቸው እንድትጎርስልኝ የእህቴን ልጅ ሊላክን ወክያለሁ። እጇ እጄ ነው፣ አፏ አፌ ነው። እሷ ከጎረሰች እኔ ጎርሻለሁ፤ መሐላውም ተፈጽሟል።»

የምጠይቅሽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጉርሻው ውስጥ ዶሮ ይኖራል፤ አለዚያ አይቆጠርም። ለእንስሳቱ ብለሽ የተውሽውን እኔ ልንቅብሽ አልችልም። እምቢ ካልሽ ወረቀቱን ቅደጂው፤ እውነቴን ነው፣ አልቀየምም።

ኪኒንሽን ግን ውሰጂ። እሱን በመለመን አይደለም፣ በማዘዝ ነው።

ዘቢደር


አፉላ
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘቢደር፣

በስልክ «ወረቀቱ ደረሰ ወይ?» ስትዪኝ «ኔትወርክ የለም» ብዬ የዘጋሁብሽን አራት ቀን ይቅር በይኝ። ስፒከር ላይ ነበርሽ። ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም ነበር። አሁንም አላውቅም።

ከጣቱ ልጀምር። ትናንት ነርሷ በማስመሪያ ለካችው። ቁስሉ ከመስመሩ ወዲህ ተመልሷል፤ ዳሩ ላይ ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ አለ። የደሙም ፕሮቲን ትንሽ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ «ዳነ» አላለም። «ቢላው ይቆይ፣ ከአንድ ወር በኋላ ደግመን እናያለን» ነው ያለው። እኔ ከዚያ ሐኪም የሰማሁት ትልቁ ቀልድ ይሄ ነው።

ከዚህ በመነሳት እንደበሉ ገብቶሻል። እንዴት እንደበሉ ልንገርሽ።

ወረቀቱ የደረሰ ቀን ለብቻዬ ይዤው አውቶቡስ ጣቢያ ሄድኩ። ወደ ምድባቸው የሚመለሱ ወታደሮች መሀል ቁጭ ብዬ ሦስት አውቶቡስ አሳለፍኩ። ስለ ዶሮ አሰብኩ። በስልኬ ያየሁትን፣ ያስለቀሰኝን ቪዲዮ እንደገና አየሁት። አሁንም አስለቀሰኝ። ከዚያ የአባባን ጣት አሰብኩ፤ እሱም አስለቀሰኝ። ቤት ገብቼ እማማን «ዶሮ ይሠራ» አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ሽማግሌዎቹን ራሴ ጠራኋቸው፤ ካልመሰከሩ አባባ አያምኑም። ውክልናውን አነበብኩ። አቶ ሰንበቱ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያዙት።

«ማኅተም የለውም» አሉ።

«የገበታ ውክልና ማኅተም አለው እንዴ፣ አቶ ሰንበቱ?»

«የለውም። ግን መጠየቅ ደንብ ነው።» ዞረው ከሦስቱ ጋር ተንሾካሾኩ። «ፊርማው ይበቃል» ተባለ።

አባባ እንቁላሉን በክር ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ከዶሮ ጋር ጠቀለሉ። «ዘቢደር» አሉ፤ ሊላክ አላሉም። አፌን ከፈትኩ።

ምን ምን እንደሚል አትጠይቂኝ። በርበሬ። አላመጥኩ፣ ዋጥኩ፤ ሰማይ አልወደቀም፣ ደስም አላለኝም። ከዚያ አባባ ሌላውን ግማሽ አንስተው ወደ እማማ ሳይዞሩ ራሳቸው በሉት። እማማ አፋቸው በልማድ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጉት። ሽማግሌዎቹ መረቁ። በዚህ ጊዜ ለአባባ ተርፎላቸው ነው የሄዱት፤ ራሴ ጭልፋውን ይዤ ስለቆምኩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው።

ሰዎቹ ሲወጡ አባባ እጃቸውን ሊታጠቡ አልተነሡም።

«ሊላክ።»

«ወዬ አባባ።»

«የሚመጣ ሰው ውክልና አይሰጥም።»

እኔ አልነገርኳቸውም፣ እትዬ። ቃል ሰጥቼሻለሁ። አንድ ፊደል ከአፌ አልወጣም። ቀልድ ፈለግሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ። «ጊዜ እስኪደርስ ነው» ልል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እንድል አልጠበቁም።

«ከመጉረስሽ በፊት ነው የገባኝ» አሉ። «ወረቀቱን ስታነቢ።»

«ታዲያ ለምን በሉ?»

«ሦስት ሰው አስፈርማ፣ አፍ ልካ! ልጄ ይህን ያህል ደክማ እንዴት አልበላም ልበል?»

ትሪው ጥግ ላይ ጎመንና ምስር ቀርቶ ነበር። ዶሮው የነካውን እንጀራ ትተው ንጹሑን ቆረሱ፤ ጎመንና ምስር ብቻ ጠቀለሉና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያኛው የእሷ ነበር» አሉ። «ይሄኛው ያንቺ ነው።»

ጎረስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ሁለት እንቁላላቸውን ይበላሉ፤ ዓሣም ማክሰኞ ማክሰኞ። እማማ ጎመን በዝቶባቸው እያጉረመረሙ ነው፤ ጉርሻቸው አልቀረም፣ ምስር ሆነ እንጂ። እኔ ኪኒኔን ከእራት በኋላ እውጣለሁ፤ አባባ እስክውጥ ድረስ ያዩኛል፣ ምላሴን አውጪ ይሉኛል። ከትሪው አልራቅሁም፤ በጎመኑ በኩል ተቀምጫለሁ። ቲቭኦኒት ልበል ወይስ አንድ ጊዜ የሳተች ልበል፣ ቬሬድም ቄሱም አልመለሱልኝም።

ለእማ ማን እንደሚነግራትም አላውቅም። አባባ የሚያውቁ መሆናቸውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንቺ እንደምታውቂ እሳቸው አያውቁም። እማማ ምን እንደሚያውቁማ ፈጣሪ ይወቀው። አሁን ሁላችንም ስልኩ ዙሪያ ተቀምጠን «ፋይሉ እንዴት ሆነ?» እንላለን፣ አንቺም «ገና ነው» ትያለሽ፣ አባባም «እግዜር ያውቃል» ብለው ትሪውን ያያሉ።

ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ አሉኝ። የተናገሩትን እንዳለ ልጻፈው፦ «እሷስ? የተለያየን ዕለት እጇን አብራኝ ነው የታጠበች። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ቀምሳለች?»

መልሱን ለእሳቸው የማነበው ጮክ ብዬ ነው። አስበሽ ጻፊው።

የእህትሽ ልጅ
ሊላክ